ዩ! ዩ! ዩ! በዲንሾ መንገድ ላይ ብስክሌተኛና ልጆች እንዴት ይግባባሉ?

(ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

ከሻሸመኔ ተነስቶ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ሮቤና ጎባ የሚዘልቀው አስፋልት ዲንሾን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ዲንሾ ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ብርዷ የታወቀ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ስላለባት ደግሞ ስሟ ከመጠኗ ይበልጣል። በዚህ መንገድ አይሱዙም፣ ሚኒባስም፣ ጋሪም፣ ፈረስም፣ ከብትም ያልፋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። በበጋ አንዳንድ ቀን ግን ግራና ቀኝ ቦርሳ የተንጠለጠለበት ብስክሌት ብቅ ይላል። ላዩ ላይ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ፈረንጅ አለ። ከኋላው ልጆች ይሮጣሉ፤ "ዩ! ዩ! ዩ!" ይላሉ። ሰውዬው አንዳንዴ እጁን ያወዛውዛል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም ይቆጣል። አልፎ አልፎ ድንጋይ ይወረወራል።

ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰው ያንን "ዩ" እና ያንን ድንጋይ ነው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይኼ ምን ይሠራለታል የሚል አንባቢ ካለ፣ መልሴ አጭር ነው። በብስክሌት አገር የሚያቋርጡ ሰዎች ይጽፋሉ። ማታ ማታ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ በኋላ መጽሐፍ ያሳትማሉ፣ ፊልም ይሠራሉ። ኢትዮጵያን በብስክሌት ያለፉ ሰዎች በጻፉት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው አንድም የተራራው ውበት ነው፣ አንድም ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች። ልጆቹ ግን አይጽፉም። ስለዚህ የነገሩ አንድ ወገን ብቻ ነው የተዘገበው። አንድ ወገን ብቻ የተሰማበት ዜና ደግሞ ምን እንደሚባል በክፍል ተምረናል።

በብስክሌት ዓለምን መዞር

ረጅም ጉዞ በብስክሌት የዛሬ ነገር አይደለም። ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው ሰው የፊት ጎማው ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ በሆነው በጥንቱ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ዓለምን ዞሮ በ1886 ጨርሷል። በየደረሰበት ሰው ከቦ ያየው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ ለእኛ ቅርብ የሆነችው ግን አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 "ሮዝ" ብላ በሰየመችው ብስክሌት ከአገሯ ተነስታ በክረምት ብርድ አውሮፓን አቋርጣ፣ በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን በኩል ሕንድ ገባች። ሽጉጥ ይዛ ነበር የምትሄደው። ይቺ ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ በሰሜን ተራሮች የተጓዘችው በቅሎ ይዛ ነው። በቅሎዋን ጆክ ትላት ነበር። ስለ ጉዞዋም በ1968 መጽሐፍ አሳትማለች። በ2022 እስክታርፍ ድረስ በዓለም ከታወቁት የጉዞ ጸሐፊዎች አንዷ ነበረች።

ብስክሌቱን መተዋ በመንገዱ አስቸጋሪነት ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ሳታስበው ሌላም ነገር አትርፋለች። በቅሎ የያዘ ሰው በእኛ መንገድ ላይ ቦታ አለው። ምን ተብሎ ሰላም እንደሚባል፣ የት እንደሚያድር፣ ለከብቱ ሣር ከየት እንደሚጠየቅ የታወቀ ነው። ለብስክሌተኛ ግን በገጠሩ መንገድ ላይ የተዘጋጀ ሥርዓት የለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ቱር ዳፍሪክ የሚባለው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌት ጉዞ ተጀመረ። በኢትዮጵያ የተለመደው መንገዱ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አድርጎ ወደ ሞያሌ ይወርዳል እንጂ ባሌን አይነካም። ዲንሾ የሚደርሰው ብስክሌተኛ እንግዲህ ዋናውን መንገድ ትቶ፣ አስቦበት የመጣ ነው። ወይ በሻሸመኔ፣ ወይ በአሰላና በበቆጂ ዞሮ ይመጣል። ብዙዎቹ ከጎባ በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ ማቋረጥ ነው የሚፈልጉት። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከዚያ በሐረና ደን ውስጥ ወደ ዶሎ መና ቁልቁል ነው። ለብስክሌተኛ ሰው ይኼ ትልቅ ጌጥ ነው መሰለኝ።

ብስክሌት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የዕቃዎቹን ስም ብቻ ማየት ይበቃል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ባሕር ዳርና መቀሌ ብስክሌት የየቀን ነገር የሆነባቸው ከተሞች ናቸው። መቀሌ የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳር ላይ ፈረንጅ በብስክሌት ቢያልፍ ብስክሌቱን ብሎ የሚያየው የለም። ዲንሾ ግን የፈረስ አገር ናት። በእኛ ዘንድ የተቀመጠ ሰው ማለት ፈረስ ላይ ያለ ሰው ነው።

የተቀመጠ ይቀድማል

አሁን ወደ ሰላምታው እንምጣ። በባሌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። በእስልምና የሰላምታ ሥርዓት በከብት ተቀምጦ የሚሄድ በእግሩ ለሚሄደው፣ የሚሄድ ለተቀመጠው፣ ጥቂቶች ለብዙዎች ሰላምታ ይጀምራሉ፤ በሐዲስ የታወቀ ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድም በቅሎ ላይ ያለ ሰው ታላቁን መንገድ ላይ ሲያገኝ መውረድ ወጉ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ሐሳቡ አንድ ነው። ከፍ ያለው ዝቅ ይላል፤ የሚያልፈው ይጀምራል።

ብስክሌተኛው ይህን አያውቅም። እሱ ባደገበት ከተማ መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው ሰላም ማለት የተለመደ አይደለም። ኔዘርላንድን የመሰለ አገር ላይ የብስክሌቱ ቁጥር ከሕዝቡ ይበልጣል፤ እዚያ ለሚያልፍ ሁሉ ሰላም ልበል ቢባል ቀኑ አይበቃም። ስለዚህ ከአዳባ በላይ ያለውን ዳገት ላቡን እያንጠፈጠፈ፣ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ይወጣል። መንገድ ዳር የቆሙት ሽማግሌ ይጠብቃሉ። ልጆቹም ይጠብቃሉ። ሰውዬው ዝም ብሎ ያልፋል። በእሱ በኩል ማንንም አላስቸገረም። በእነሱ በኩል ደግሞ ተቀምጦ መጥቶ ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ወይ ኩሩ ነው ወይ የተጣላ ነው።

በመኪና የሚያልፈው ቱሪስት ይህ ችግር የለበትም። መስታወቱን ዘግቶ በሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። ልጅ የሚያወራው ፈረንጅ ቢኖር ብስክሌተኛው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ዳገት ላይ ሮጦ የሚደርስበት እሱ ነው። ልጅ ሆነን ከጋይሳይ ሣር ሜዳ ጀምረን እየሮጥን ከጎኑ ስንሄድ እሱ ያለከልካል፣ እኛ እናወራለን። በዚህ ከፍታ የተወለደ ልጅና ትናንት ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ አንድ አይደለም። ከዚያው መንገድ ትንሽ ወረድ ብላ ያለችው በቆጂ እነ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራች መሆኗን ብስክሌተኛው ቢያስታውስ ብዙም ባልገረመው።

"ዩ" ማለት ምን ማለት ነው?

እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው "ዩ!" ተብሎ መጮኽ ስድብ ቢጤ ነው። ፖሊስ ሌባ ሲያይ፣ አስተማሪ ረባሽ ሲያይ የሚለው ነው። ልጁ ግን ስድብ አልተረጎመም። የተረጎመው "አንተ!" የሚለውን ነው፤ በኦሮምኛም "አቲ" ነው። በእኛ ቋንቋ "አንተ!" ጓደኛን መጥሪያ ነው፣ "ወዲህ እየኝ" ማለት ነው። ልጁ ከክፍል ያገኘው እንግሊዝኛ ይህን ለመጥራት የሰጠው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም "ዩ" ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። "ዌር አር ዩ ጎ?" ይላል። ሰዋስውን እንተወውና፣ ይኼ ጥያቄ ራሱ "ወዴት ነው?" የሚለው የመንገድ ሰላምታችን ነው፤ ኦሮምኛው "ኤሳ ዴምታ?" ነው። መልስ አይፈልግም። "ወደዚህ ወደ ላይ" ብሎ ማለፍ ይበቃል። ፈረንጁ ግን እንደ ኬላ ጥያቄ ይሰማዋል፤ ምን አገባህ ሳይል ይቀራል?

በእኔ አስተያየት ዋናው ችግር ግን "ዩ" ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። የዲንሾ ልጅ በመንገድ የሚያልፍ የማያውቀውን ትልቅ ሰው "አንተ!" ብሎ አይጠራም፤ ቢጠራ በጥፊ ነው። ወንድ ከሆነ "ኦቦ" ይላል፣ ሴት ከሆነች "አዴ"። አማርኛ የሚናገረው "ጋሼ"፣ "እትዬ"፣ "አባባ" ይላል። እነዚህ ቃላት አክብሮት ብቻ አይደሉም። የማይታወቀውን ሰው ለጊዜውም ቢሆን ዘመድ ያደርጉታል። ዘመድ ላይ ደግሞ ድንጋይ አይወረወርም። ለፈረንጁ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልተሰጠውም። ያለው "ፈረንጅ" ነው፤ እሱም ከዐረቡ "ኢፍራንጅ" ጋር አንድ ሥር ያለው፣ የጥንት ፍራንኮችን ስም የያዘ ቃል ነው፤ እስከ ታይላንድ ድረስ "ፋራንግ" እየተባለ ይነገራል። መንገድ ሠሪዎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ "ቻይና" ተጨምሯል፤ ጃፓናዊውም ኮሪያዊውም ቻይና ነው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሽበታም ሰው በብስክሌት ሲያልፉ የአሥር ዓመት ልጅ "ዩ!" የሚላቸው ባለጌ ሆኖ አይደለም። በሰውዬው ላይ ሽበቱን አላየም፤ ፈረንጅነቱን ነው ያየው።

ከዚያ የልመናው ቃላት ይመጣሉ። "ማኒ"፣ "ፔን"፣ "ካራሜላ"። እነዚህን ልጆቹ ከእናታቸው አልተማሩም። ከመኪና መስኮት ከረሜላና እስክሪፕቶ እየበተኑ ያለፉ እንግዶች ናቸው ያስተማሯቸው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ልጅ መቶ ጊዜ ይጠይቃል፤ የተሰጠው ከመኪና ቢሆንም የሚጠየቀው ብስክሌተኛው ነው። "ሃይላንድ" የሚለው ግን ለብቻው መታየት አለበት። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ማለት ነው፤ ስሙ ቀድሞ ከታወቀው የታሸገ ውሃ ተወርሶ ለሁሉም ፕላስቲክ ሆነ። ፈረንጁ ልጁ ውሃውን የሚለምነው ይመስለዋል። ልጁ የሚፈልገው ዕቃውን ነው። ወተት ይያዝበታል፣ ዘይት ይገዛበታል፣ ትምህርት ቤት ውሃ ይኬድበታል። ፈረንጁ ከሚጥለው ነገር ውስጥ ይህ ለቤት ጥቅም አለው፤ ስለዚህ "ሃይላንድ" ማለት ልመና ሳይሆን "የማትፈልገውን ስጠኝ" ማለት ነው።

ሌላው ፈረንጁ የማይሰማው ቃል አለ። ዳገት ላይ እያቃሰተ ሲወጣ ከማሳ ውስጥ ያሉ ሰዎች "አይዞህ!" ወይም "ጀባዹ!" ይሉታል። ከሩቅ የሚጮኽ ድምፅ ስለሆነ ከ"ዩ" ጋር ይቀላቀልበታል። ሲያበረታቱት የሰደቡት ይመስለዋል። በአንደኛ ዓመት የሻነንና የዊቨርን የኮሙኒኬሽን ሞዴል ስንማር "ጫጫታ" የሚባለው ነገር ብዙም አልገባኝም ነበር፤ ለዚህ የተሻለ ምሳሌ ግን አላገኘሁም።

የቁጥሩ ነገር

እዚህ ላይ ለብስክሌተኛውም እንፍረድለት። በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በየኪሎ ሜትሩ አምስት ልጆች ቢያገኝ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ "ዩ" ቢሉት፣ እስኪመሽ 400 ጊዜ ሰምቷል ማለት ነው። ለልጁ ግን የሳምንቱ አንድ ጊዜ ነው፤ ምናልባትም የወሩ። ልጁ የጮኸው አንዴ ነው፤ ሰውዬው የሚመልሰው ለአራት መቶው ነው። ከቀትር በኋላ የሚቆጣው ሰው ጠዋት አዳባ ላይ እየሳቀ የተነሳው ሰው ነው። ያኛው ልጅ የሳቁን ሰው አገኘ፤ ይኼኛው የተቆጣውን። ከሁለቱ አንዳቸው ጥፋት አላጠፉም።

ድንጋዩ

ድንጋይ በእረኛ እጅ ምን እንደሆነ ገጠር ያደገ ያውቃል። ላም ማሳ ስትገባ በድንጋይ ትመለሳለች፤ ውሻ ሲመጣ፣ ጅብ ሲያንዣብብ ድንጋይ ይነሳል። ጥሩ እረኛ ላሟን አይመታም፤ ከፊቷ ወርውሮ ያዞራታል። እጁ በዚህ የሠለጠነ ልጅ ፊት አንድ ፈጣን ነገር ሲያልፍ እጁ ራሱ ያስባል። ሆኖም ይህ ሁሉንም አያብራራም። ከልጆች ጋር ሳወራ (ወሬያችን በኦሮምኛ ነበር) አንዱ "ዝም ሲለን ነው" አለኝ፤ ሌላው "እሱ ነው የሚጀምረው" ብሎ ጓደኛውን ጠቆመ፤ ሦስተኛው ሳቀ። ለብቻው የሚያገኘው ልጅ አይወረውርም። አምስት ሲሆኑ፣ ሰውዬውም ጀርባውን ሲሰጥ፣ ያኔ ነው። በድፍረት መፎካከር አለበት ማለት ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ግን ማቃለል አይደለም። ከዲንሾ ወደ ሮቤ መንገዱ እየወረደ ስለሚሄድ ብስክሌት በእግር የማይደረስበት ፍጥነት ይይዛል። በዚያ ፍጥነት ላይ ያለን ሰው ጭንቅላት ጠጠር እንኳ ብታገኘው የሚሆነውን ማሰብ አይከብድም። "የልጅ ነገር ነው" የሚሉ አዋቂዎች ሰምቻለሁ፤ አልስማማም። ደግነቱ ሌሎች አዋቂዎችም አሉ። ዱላ ይዘው ልጆቹን የሚያባርሩ፣ ፈረንጁን ይቅርታ የሚጠይቁ። ይህንም ብስክሌተኞቹ ራሳቸው ይጽፉታል።

በነገራችን ላይ ከድንጋዩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ውሻው ነው። የእረኛ ውሻ የሚሽከረከር ጎማ ሲያይ አይችልም። በባሌ የውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ ደጋግሞ ጨርሷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የመንደር ውሾችን የሚከትበውም ለዚህ ነው። ሰውንም ምልክቱ ከታየበት በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የተነከሰ ብስክሌተኛ ጉዞውን ትቶ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ሲመሽ

ቀኑ እንደምንም ያልፋል፤ ሲመሽ ሌላ አለመግባባት ይጀምራል። በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ ማንኛውም ሰው የሌላ ሰው ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ አንድ ሌሊት ማደር መብቱ ነው፤ ወጉም ማንንም ሳይረብሹ፣ ሳይታዩ አድሮ መሄድ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄዱ ብስክሌተኞችም ይህንን ልማድ በየአገሩ ይዘው ይዞራሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግራ ቀኝ ያያሉ፣ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጡ ከመንገድ ወጣ ብለው ይደበቃሉ።

በእኛ አገር ሲመሽ የሚደበቅ ማነው? ሌባ ነው። እንግዳ አይደበቅም። እንግዳ ደጅ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ከብቱ ሳይቀር ይታሰርለታል። ፈረንጁ ላለማስቸገር ብሎ የተደበቀው ነገር መንደሩን ያስጨንቃል። ማታ ባትሪ ይዘው የመጡ ገበሬዎች ድንኳኑን ከበው ሲያገኙት እሱ ሊዘርፉኝ ነው ይላል፤ እነሱም ዘራፊ አገኘን ይላሉ። ፓርኩ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በዲንሾ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ማደር ይቻላል።

ሱዳንን አቋርጦ የመጣ ሰው ቢያንስ ይህን ትንሽ ለምዶታል። እዚያ በመንገድ ዳር በጥላ ሥር ለማንኛውም አላፊ የሚቀመጥ የውሃ ጋን አለ፤ "ዚር" ይሉታል። ማንም ይጠጣል፣ ማንም አይጠይቅም። ኢራን ውስጥ ደግሞ "ታሮፍ" የሚባል ወግ አለ፤ ሰው ሲጋብዝህ ሁለት ሦስቴ እምቢ ማለት አለብህ፣ ምክንያቱም ግብዣው ለአክብሮት ብቻም ሊሆን ይችላል። የእኛም "እንብላ" እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ምሳ የሚበሉ ሰዎች አጠገብ ያለፈ ሁሉ "እንብላ" ይባላል፤ አመስግኖ ማለፍም ይቻላል፣ አንድ ጉርሻ መቅመስም ይቻላል። ሰምቶ ዝም ማለት ግን አይቻልም። እያንዳንዱ አገር መንገዱ ላይ የራሱ ሕግ አለው፤ ችግሩ ሕጉን የሚጽፍለት ምልክት ወይም ታርጋ አለመኖሩ ነው።

ምን ይደረግ?

ለብስክሌተኞች የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ "ፈጥነህ እለፍ" ነው። ዳገት ላይ ይኼ ምክር አይሠራም። ፓርኩ በር አካባቢ የሚውል አንድ አስጎብኚ የነገረኝ ይሻላል። መንደር ሲደርሱ ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ እንዲያልፉ ይመክራቸዋል። ከላይ ያልኩት የበቅሎው ሥርዓት ማለት ነው፤ የወረደ ሰው እግረኛ ይሆናል፣ ሰላም ይባላል፣ ሰላም ይላል። ሁለተኛው ምክሩ መጀመሪያ እራሳቸው እንዲናገሩ ነው። "አካም ጂርቱ" የሚል ፈረንጅ ያየ ልጅ "ዩ" ማለቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

በልጆቹ በኩል ያለው ሥራ የትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። "ዚስ ኢዝ ኤ ፔን" ከሚለው ጋር "ፔኑን ከመንገደኛ አትለምን" የሚለውም አብሮ ቢሰጥ አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጅም። ሥራው የአስተማሪ ብቻም መሆን የለበትም። በዲንሾ መሀል መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ብስክሌተኛ በራቸው ላይ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ ልጆች ከበውት "ዩ! ዩ!" ሲሉ፣ ትልቁን ልጅ ጆሮውን ይዘው "ኦቦ በል!" አሉት። ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ኦቦ፣ አካም ጂርቱ" አለ። ፈረንጁ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። አስጎብኚው ለ"ኦቦ" እንግሊዝኛ ፈልጎ አጣና "ብራዘር፣ በት ቢግ" አለው። ሰውዬው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው፣ ለልጁም እጁን ዘረጋለት። ልጁ ጨብጦት ትንሽ ቆየና፣ ብስክሌቱ ላይ የታሰረውን ፕላስቲክ እያየ "ኦቦ፣ ሃይላንድ!" አለ።